ራሱን «ፈሪ» ያለው ሰው

ወገን! ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ቃል ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ናት፦ ፈሪ።

ይህቺን ቃል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃታለን። ኳሳችን አጥር ዘላ ውሻ ያለበት ግቢ ስትገባ «ፈሪ ካልሆንክ ግባና አውጣት!» ተብለናል። ውሻውን እያየን፣ ጉልበታችን እየተብረከረከ ገብተናል። ለምን? ከውሻው ንክሻ ይልቅ ቃሏ ስለምታም ነው። በእኛ ቋንቋ ሰውን ሌባ ብትለው ይከስህ ይሆናል፣ ውሸታም ብትለው ይከራከርሃል። ፈሪ ካልከው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያንን ስድብ ለማጠብ የማያደርገው ነገር የለም።

አሁን አድገን ስልክ ይዘናል። ውሻውም የለም፣ አጥሩም የለም። ቃሏ ግን አብራን አድጋለች። እዚሁ ገጻችን ላይ አንድ ልጅ «ቆይ፣ ይሄ ነገር ተጣርቷል?» ብሎ ሲጠይቅ ከስሩ የሚዘንበውን ኮሜንት አይታችሁታል። «ፈሪ!» «ፈሪ ለእናቱ!» «እንዳንተ ያለ ነው የገደለን!» ሃያ ሰው፣ ሠላሳ ሰው። ግማሹ ስሙን አያወጣም፣ ፎቶውም የአንበሳ ነው።

ይህን እያሰብን ሳለ ነው አንድ ሰው ይህቺኑ ቃል በራሱ እጅ፣ በራሱ ሥራ ላይ እንደለጠፋት ትዝ ያለን። ማንም አላስገደደውም። አልበም ሠራና ርዕሱን «ካዋርድ» አለው። በአማርኛ ሲመለስ፦ ፈሪ።

አልበሙን ከእናንተ ብዙው ሰምቶት አያውቅም፣ አይፈረድባችሁም። የሬዲዮ ዘፈን የለበትም፣ ግጥምም የለውም፣ ለጭፈራም አይሆንም። በሠራው ሰው አገር በአሜሪካም ቢሆን የሚያውቁት የጊታር ወዳጆችና ጥቂት የጃዝ ሰዎች ናቸው። ግን ታሪኩ ለእኛ የሚነግረን ነገር አለ። እስቲ ታገሱንና ከመጀመሪያው እንያዘው።

ሰውየው ማነው?

ስሙ ኔልስ ክላይን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሎስ አንጀለስ ተወለደ፣ ጊታሪስት ነው። ብቻውን አልተወለደም፤ አሌክስ የሚባል መንትያ ወንድም አለው፣ እሱ ደግሞ ከበሮ መቺ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ገና ከማህፀን ጀምሮ አጃቢ ነበረው። ሙዚቃውንም ከወንድሙ ጋር ነው የጀመረው። በ1980ዎቹ ሁለቱ ወንድማማቾች ከቫዮሊኒስቱ ጄፍ ጎቲየርና ከቤዝ ተጫዋቹ ኤሪክ ፎን ኤሰን ጋር ሆነው «ኳርቴት ሚውዚክ» በሚባል ቡድን ተጫወቱ። ኤሪክ በ1997 ሲሞት ጎቲየር የጓደኛው ዜማዎች አብረውት እንዳይቀበሩ ብሎ በማግስቱ ዓመት አንድ ትንሽ አሳታሚ ቤት አቋቋመ፤ «ክሪፕቶግራሞፎን» ይባላል። የዛሬው አልበማችንም የወጣው ከዚያው ቤት ነው።

ክላይን በሙዚቃው ፈሪ የሚባል ሰው አልነበረም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከአንድ ከበሮ መቺ ጋር ብቻ ሆኖ የቀረጸው «ኢንተርስቴላር ስፔስ» የሚባል ሥራ አለ። ከባድ ነው፣ ብዙ ሙዚቀኛ ከሩቅ ሰላም ብሎት የሚያልፈው ዓይነት። ክላይን በ1999 ከከበሮ መቺው ግሬግ ቤንዲያን ጋር ሆኖ ያንን በጊታር እንደገና ተጫወተው። የኮልትሬን አድናቂዎች ምን ይሉኝ አላለም። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ዊልኮ የሚባለው ዝነኛ የሮክ ባንድ አባል ነው፣ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት የሚጫወት። የራሱንም ቡድን አቋቁሞ «የኔልስ ክላይን ዘፋኞች» ብሎታል። የሚገርመው፣ ቡድኑ የተቋቋመው በሦስት መሣሪያ ተጫዋቾች ነው እንጂ በዘፋኝ አይደለም! ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ የሙዚቃ ሥራ በኋላ፣ አንድ አልበም አወጣ። «ፈሪ» አለው።

በዚህ አልበም ላይ ምን የተለየ ነገር አለ? ማንም የለም! ከበሮ የሚመታለት ወንድሙ የለም፣ ቤዝ የሚይዝለት ጓደኛ የለም፣ የዊልኮ ሕዝብ የለም። ሁሉንም ድምፅ እሱው ብቻውን ነው የተጫወተው። አንዱን ይቀርጻል፣ ያንኑ እያዳመጠ ሌላውን ይደርባል፣ በዚያ ላይ ሌላ። የሚመልስለትም የሚያርመውም እሱ ራሱ ነው። በባንድ ውስጥ ስትሳሳት ከበሮው ይሸፍንሃል፣ ስትደክም ሌላው ይቀበልሃል። እዚህ ግን ስህተቱም ድካሙም የአንድ ሰው ነው፣ የሚደበቅበት የለም።

እኛ ርዕሱን እንዲህ ነው ያነበብነው፦ በሺህ ሰው ፊት የማይፈራው ሰው፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ከራሱ ጋር ለመቀመጥ ሠላሳ ዓመት ፈጀበት። ሲቀመጥም ጀግና ነኝ ብሎ አልፎከረም። የቆየበትን ነገር በስሙ ጠርቶ ሽፋኑ ላይ ጻፈው፣ ከዚያም ሥራውን ሠራ። ስሙ «ፈሪ» ነው፣ ይዘቱ ግን ድፍረት ነው።

«ታዲያ ምን አገባን?»

ይህን የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። «እኛ ስንት ነገር ተሸክመን፣ እናንተ ስለ አንድ ፈረንጅ ጊታር ታወራላችሁ? ማይክራፎን መፍራትና ጥይት መፍራት አንድ ነው?» ትላላችሁ።

አንድ አይደለም። በእውነት አንድ አይደለም። የስቱዲዮ ፍርሃት ሰው አይገድልም። እኛም ሁለቱን በአንድ ሚዛን አላስቀመጥንም። ግን በዚያው አልበም ውስጥ ሞትም አለ፤ እሱን ስሙና ፍረዱ።

ሮድ ፑል የሚባል እንግሊዛዊ ጊታሪስት ነበር፣ ሎስ አንጀለስ የኖረ። ጊታሩን ከተለመደው የምዕራባውያን ቅኝት አውጥቶ በሌላ ቅኝት ይጫወት ነበር። እኛ ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ብለን ያደግን ሰዎች፣ ቅኝት ሲለወጥ የሰው ሆድም እንደሚለወጥ ማንም ሊያስረዳን አይገባም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 ፑል ከሚስቱ ጋር አንድ ምግብ ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሄድ መኪና ሊገጫቸው ለጥቂት ሳታቸው። እሱ ተናገረ። ከዚያች ጥቂት ቃል የተነሳው ጠብ እዚያው በስለት ተወግቶ እንዲሞት አደረገው። በቃ። አንድ እሁድ ቀን፣ አንድ መኪና ማቆሚያ፣ አንድ ቢላ።

ክላይን ለዚህ ሰው ምን አደረገ? «ፈሪ» በተባለው አልበም ውስጥ ከሩብ ሰዓት በላይ የሚፈጅ አንድ ሥራ አለ፤ ርዕሱ «የሮድ ፑል ቀስ በቀስ ወደ ሰማይ መውጣት» የሚል ነው። ልብ በሉ፦ ቀስ በቀስ። ጩኸት የለውም፣ ዛቻ የለውም። ክር በክር ላይ እየተደረበ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያቋርጥ ይወጣል። ሰውየው ለሞተው ጓደኛው የሰጠው የብቻውን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የእኛ ሰው ሲሞት እኛ ምን እናደርጋለን? ፕሮፋይላችንን ጥቁር እናደርጋለን። ሻማ እንለጥፋለን። «ደሙ ፈሶ አይቀርም» ብለን እንጽፋለን። በሦስተኛው ቀን ፎቶው ይቀየራል፣ በሳምንቱ ስሙ ይረሳል። የሟች እናት ቤት ሄዶ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ የተቀመጠ ከመካከላችን ስንት ነው? ዝም ብሎ መቀመጥ ከመጮኽ እንደሚከብድ የሚያውቀው የሞከረው ነው። ለቅሶ ቤት መግባት ያስፈራል። የምትለው ነገር የለህም፣ የሚደበቅብህ ባንድ የለም፣ አንተና የእናትየው ዓይን ብቻ ናችሁ።

ታዲያ ማነው ፈሪ? ኮሜንት ላይ የሚጮኸው ወይስ የሚጠይቀው?

የአባቶቻችን ፉከራ በስም ነበር

አንዳንዱ «ፉከራና ሽለላ ባህላችን ነው፣ እናንተ ልታለሰልሱን ነው?» ይል ይሆናል። ጥሩ፣ ስለ ፉከራ እናውራ።

ፉካሪ ማንነቱን ደብቆ ፎክሮ አያውቅም። በመጀመሪያ የሚጠራው የራሱን ስም ነው፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም። ከዘመቻ መልስ ሲፎክር የሚቆጥረው የሠራውን ነው፤ አብረውት የነበሩት እዚያው ቆመው ይሰማሉ፣ ከዋሸ ያውቁበታል። ከዘመቻ በፊት ከፎከረ ደግሞ ቃል ገብቷል ማለት ነው፣ ነገ በቃሉ ይያዛል። ፉከራ በአካል፣ በስም፣ በምስክር ፊት የሚፈረም ውል ነበር። ፉካሪውም «አንተ ሂድ» አይልም፣ «እኔ» ይላል።

የእኛን ኮሜንት ከዚህ ጋር አስተያዩት። ስም የለም፣ ምስክር የለም፣ «እኔ» የለም። ያለው «አንተ» ብቻ ነው፦ አንተ ፈሪ፣ አንተ ሂድ፣ አንተ ውጣ። ይህ ፉከራ አይደለም። ፉከራ ብለን ብንጠራው አባቶቻችንን መስደብ ነው።

አዝማሪንም አስቡት። አዝማሪ ብቻውን ነው የሚቆመው፤ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክር፣ አንድ ጉሮሮ። ኳርቴት የለው፣ ባንድ የለው። በሹሙ ፊት ቆሞ በሰምና ወርቅ የሚናገረውን ይናገራል፣ ቢያስከፋ የሚመታው እሱ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረጉትን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ግራዚያኒ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ተንባዮች፣ እንዲሁም እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች ነበሩበት። አስቡት እንግዲህ! አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ ጦር አንድ ክር ያለውን ማሲንቆ ፈራ። የፈራው ድምፁ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ብቻውን ቆሞ በራሱ አፍ የሚናገር ሰው ስለሚያስፈራ ነው።

ኔልስ ክላይን አዝማሪ አይደለም፣ የገጠመውም ግራዚያኒ አይደለም። ግን ብቻን መቆም ምን እንደሚያስፈራ አውቆታል፣ ማወቁንም አልደበቀም። ከእሱ የምንወስደው ይህንን ነው።

ቃሏ የምትሠራው ሥራ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። «ፈሪ» የምትለው ቃል በኛ ትውልድ መካከል ምን እየሠራች ነው?

አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አስቡ። አእምሮው «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ይለዋል። ሊጠይቅ ይፈልጋል፣ ወይም ሊቀር ይፈልጋል፣ ወይም ሌላ መንገድ ይታየዋል። ግን አንድ ጊዜ ሲጠይቅ የደረሰበትን ስድብ አይቷል። ስለዚህ ዝም ይላል። ከዚያ ከሁሉም በላይ ይጮኻል፣ እንዳይጠረጠር። ከዚያ ያላመነበትን ያደርጋል፣ «ፈሪ» እንዳይባል። ወገን፣ ይህ ልጅ ደፈረ ነው የምትሉት? ይህ ልጅ ፈራ እንጂ! ጠላትን አይደለም የፈራው፤ እኛን ነው የፈራው። በጀግና ስም ፈሪ አደረግነው።

የሚጎዳውም እሱ ነው። «ሂድ» ያለው ሰው አልሄደም። ሰው በሰው ቁስል እንጨት ይሰዳል እንደሚባለው፣ በሌላው ልጅ መጀገን ቀላል ነው። አንዳንዱ ያንን ኮሜንት የሚጽፈው ባሕር ማዶ ሆኖ፣ ከሥራ መልስ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ነው። ውጭ መኖር ነውር አይደለም፣ ሠርቶ ቤተሰብ መርዳትም ክብር ነው። ነውሩ ራስ በማይከፍሉት ዋጋ ሌላውን ፈሪ ማለት ነው። አገር ውስጥ ያለነውም ከዚህ ነፃ አይደለንም፤ በውሸት ስም ከፎቅ ላይ የሚሳደበው ብዙ ነው።

እኛም የዚህ ገጽ ሰዎች ከደሙ ንጹህ ነን አንልም። ይህቺን ቃል ትልልቅ ፊደል አድርገን ፎቶ ላይ ጽፈን የለጠፍንበት ጊዜ ነበር። ላይኩ ደስ ብሎናል፣ ሼሩም ደስ ብሎናል። ማንን እንደገፋንበት አናውቅም። ይህን መጻፍ ደስ አይልም፣ ግን ስለ ሰው ፍርሃት እያወራን የራሳችንን ብንደብቅ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ከንቱ ነው። ፈርተን የነበረው ተከታይ እንዳይቀንስብን ነው። ይኸው፣ እኛም ሽፋናችን ላይ ጻፍነው።

ተሳስታችሁ እንዳትረዱን። ፍርሃት ጥሩ ነው እያልን አይደለም። ሰው ሁሉ ይቀመጥ፣ ሁሉም ዝም ይበል እያልንም አይደለም። ፍርሃቱን ወድዶ፣ አልጋ አንጥፎለት የሚኖር ሰው አለ፣ እሱን አንደግፍም። ክላይንም ቢሆን «ፈሪ ነኝ» ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ስሙን አናነሳውም ነበር። ነገሩ ያለው ከቃሉ ቀጥሎ ባለው ነው፤ ፈሪ አለና ሠራው። ፍርሃቱን በስሙ ሲጠራው የተሸከመው ነገር ቀለለለት፣ እጁ ለሥራ ተፈታ። «እኔ ፈርቼ አላውቅም» የሚል ሰው ግን ጉልበቱ የሚያልቀው ፍርሃቱን በመደበቅ ነው፣ ለሥራ የሚተርፈው የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ገጽ ላይ ስም በሌለው አካውንት ሌላውን «ፈሪ» የሚል ኮሜንት እናጠፋለን። ሐሳብ አንከለክልም። ተቃወሙ፣ ሞግቱ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ጻፉ። «ተሳስተሃል፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» በሉ። እሱ ክርክር ነው። «ፈሪ» ግን ክርክር አይደለም፣ የክርክር ማምለጫ ነው። ማስረጃ ያጣ ሰው ነው ወደ እሷ የሚሮጠው።

ሁለተኛ፣ ቃሏን ልትጽፍ ጣትህ ሲነሳ፣ ልትጽፊ ጣትሽ ሲነሳ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህንን እሱ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ስሜንና የአባቴን ስም ጠርቼ፣ እናቱ እየሰማች እለዋለሁ?» መልሱ አዎ ከሆነ ጻፉ፣ በስማችሁ። አይደለም ከሆነ፣ ያቺ ቃል ለማን እንደምትገባ አውቃችኋል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። እያንዳንዳችን ሰው በሌለበት የምንፈራው አንድ ነገር አለን። በሰልፍ መካከል ደፋር የሆነው ልጅ ለአባቱ «አጥፍቻለሁ» ማለት ያቅተዋል። ስለ ታሪክ ቀኑን ሙሉ የምትከራከረው ልጅ አንድ ሙሉ የታሪክ መጽሐፍ ገልጣ አታውቅም፤ ብታነበው የምታገኘው ነገር ሐሳቧን እንዳይለውጥባት ትፈራለች። ስለ ወገን የሚያለቅሰው ልጅ ጎረቤቱ የታመሙትን እትዬ ሄዶ አልጠየቀም። ሁለት ዓመት ያቋረጥከው ትምህርት፣ ያልደወልክለት ጓደኛ፣ የጀመርከውና የተውከው ሥራ፤ ሕዝብ ስለማያጨበጭብልህ ነው የቆየው። ባንዱ ስለሌለ ነው። ያንን ነገር በዚህ ሳምንት ያዘው። ኮሜንት ላይ አትጻፈው፣ ለእኛም አትንገረን። ዝም ብለህ አድርገው።

አልበሙን መስማት ከፈለጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፣ ግን አስቀድመን እንናገር፦ ቶሎ አይጥምም። ማታ ሁሉም ሲተኛ፣ ስልካችሁን ገልብጣችሁ፣ የሮድ ፑልን መታሰቢያ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙት። ከሩብ ሰዓት በላይ ምንም ሳትነኩ፣ ምንም ሳትጽፉ መቀመጥ ነው። በአምስተኛው ደቂቃ እጃችሁ ወደ ስልኩ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ያኔ ብቻን መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባችኋል። ሰውየውም ለምን ሠላሳ ዓመት እንደቆየበት ይገባችኋል።

ይህ ትውልድ ጩኸት አልጎደለውም። የጎደለው «ፈርቼ ነበር» የሚል ሰው ነው፣ ከዚያም ተነስቶ የሚሠራ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!